ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ትምህርት የሰፊው ሕዝብ መሣሪያ ነው። ማንበብ የቻለ ገበሬ መሬቱን አሳልፎ በሚሰጥ ወረቀት ላይ በአውራ ጣቱ አይፈርምም፤ የመኪናውን አሠራር የተረዳ ሠራተኛ የመኪናው ሎሌ ሆኖ አይቀርም፤ የቀበሌዋን ሒሳብ መመርመር የቻለች እናት በገንዘብ ያዡ ፊት አንገቷን አትደፋም። ይህ ክርክር የሚያስነሣ ሐቅ አይደለም። መነሣት የሚገባው፣ እንዲያውም ከብዙ ዓመታት በፊት መነሣት የነበረበት ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም በትምህርትና በሥልጠና ስም ከሠራተኛው፣ ከገበሬውና ከቀበሌው ነዋሪ ከተወሰደው ጊዜ ምን ያህሉ ዕውቀት ሆኖ ተመለሰለት? ምን ያህሉስ በስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ቀርቶ ባከነ? የሚለው ነው።

የአንድን ትውልድ ዕድሜ እንመልከት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ዛሬ በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ይገኛል። ልጅ ሳለ ያልገባውን በቃሉ እየደገመ ፊደል ቆጠረ። ጉርምስና ላይ ሲደርስ ዘማች ሆኖ ወጣ፤ ወይም ዘማቾች መጥተው አስተማሩት። ሥራ ሲይዝ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ተቀመጠ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግምገማ ተቀመጠ፤ ከግምገማው ተሐድሶ፣ ከተሐድሶው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ከዚያም ውጤት ተኮር፣ የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት፣ ካይዘን እየተባለ ተከታተለ። መንግሥታት ተለወጡ፤ መፈክሮች ተለወጡ። አግዳሚው ወንበር፣ ጥቁር ሰሌዳውና የስም መጥሪያው ግን አልተለወጡም። ይህን ሰው «ከዚህ ሁሉ ትምህርት ወደ እጅህ ገብቶ ዛሬ የምትሠራበት የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቀው መልሱን በአንድ እጁ ጣቶች ቆጥሮ ይጨርሳል።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት የምንመዝንበት ሚዛን ያስፈልጋል። ሚዛኑ ደግሞ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የጎጃም ምድር የምትገኘው ደብረ ኤልያስ በቅኔ ጉባኤዋ የታወቀች ናት። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ጉባኤ ቤቶች መካከል፣ ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጋር፣ ደብረ ኤልያስ አንዷ ነበረች።

በቅኔ ቤት ተማሪው ስንት ቀን ተገኘ ተብሎ አይመዘንም። ግሡን ከነርባታው ያጠናል፤ አገባቡን ይለያል፤ ከዚያም ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ በየደረጃው ይወጣል። በየደረጃው መምህሩ ፊት የሚያቀርበው የትናንቱን ወይም የሌላውን አይደለም፤ የራሱን፣ የዕለቱን፣ ማንም ያልተቀኘውን ነው። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ በጓደኞቹ መካከል መሳቂያ ይሆናል። ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመ፣ ቤቱ የጎደለ እንደሆነ መምህሩ እዚያው ያርመዋል፤ ተማሪው ተመልሶ ይደክማል። ከዚህ ሕይወት የፈለቀው ሕዝባዊ አነጋገር «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል። ጥምጥም የሊቅ ምልክት ነው፤ ምልክቱ ግን ከሊቅነቱ አይቀድምም።

ይህን ስንል የጥንቱን ሥርዓት ከነግሣንግሱ ለማወደስ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይማር የነበረው ከገበሬው ደጃፍ ቁራሽ እየለመነ ነው። ገበሬው ቁራሹን ሰጠ፤ በግዕዝ የተቆለፈው ዕውቀት ግን ወደ ገበሬው ማሳ አልተመለሰም። «ሳይማር ያስተማረ» የሚለው ስም ለዚህ ሕዝብ የተሰጠው በከንቱ አይደለም። በሩ ለሴቶች ጠባብ ነበር። ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚያው በጎጃም ስመ ጥር የቅኔ መምህር መሆናቸው፣ በሩ ሰፍቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ሊቃውንት እናቶች ይኖሩን እንደነበር ያሳያል። ስለሆነም ገለባውን አራግፈን ፍሬውን እንወስዳለን። ፍሬውም ይህ ነው፤ ተማሪው የተማረ መሆኑ የሚታወቀው ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ሠርቶ ሲያሳይ ነው፤ የተማሪው ሥራም በተራው መምህሩን ይመዝናል።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን የትውልዱን ዘመቻዎች አንድ በአንድ እንያቸው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተንቀሳቀሱ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ ለደቡቡ ጭሰኛ የዘማቹ ትምህርት የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ምርቱን ለባለመሬቱ ማካፈሉ ቀርቶለታልና የተማረውን በማግሥቱ ሠራበት። በጎጃም ግን አብዛኛው ገበሬ መሬቱን የያዘው በርስት ነበር። ስለ ጭሰኛና ስለ ባላባት የተዘጋጀው ትምህርት እንዳለ ተገልብጦ በጎጃም ደጋ ሲነገር አድማጩ ርስቴ ሊነካብኝ ነው ብሎ ሠጋ። ይህ ገበሬ ንቃት የጎደለው አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁን ተከትሎ መሬቱ ሊለካ ሲል በነፍጥ ጭምር ተቃውሞ የንጉሡን መንግሥት ወደ ኋላ ያስመለሰው እርሱ ራሱ ነው። የጎደለው የራሱን ጥያቄ አዳምጦ ከዚያ የሚነሣ መምህር ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ውሎ አድሮም በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት ለኢትዮጵያ አስገኝቷል። በዚያ ዘመቻ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የቆጠረውን አረጋዊና ያስቆጠረውን ወጣት ድካም ማንም ሊያቃልል አይገባም። ሆኖም ሁሉም የምስክር ወረቀት እኩል ፍሬ አላፈራም። ፊደሉን ከለየ በኋላ የሚያነበው ጋዜጣ፣ የሚጽፈው ደብዳቤ፣ የሚመረምረው የማኅበር መዝገብ ያገኘ ሰው ንባቡ ጸናለት። ያላገኘው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ መሃይምነቱ ተመለሰ፤ የምስክር ወረቀቱም በግድግዳው ላይ ጢስ ጠጥቶ ጠቆረ። ከ1995 ዓ.ም. አንሥቶ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለባልና ለሚስት በጋራ መሰጠት ሲጀምር ልዩነቱ ጎልቶ ታየ። ንባቧ የጸናላት ሴት ስሟ መስፈሩንና አዋሳኞቿ በትክክል መጻፋቸውን በዓይኗ አረጋገጠች፤ ንባቧ የጠፋባት ጎረቤቷ ሌላ ሰው እንዲያነብላት ለመነች። ሁለቱም በአንድ አግዳሚ ላይ የተማሩ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዲቱ ግን የተማረችውን የምትሠራበት አገኘች፤ ሌላይቱ አላገኘችም።

በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ይካሄድ የነበረውን የውይይት ክበብ ደግሞ በሒሳብ እንመልከተው። በሳምንት 2 ሰዓት ብቻ ለ10 ዓመት የተቀመጠ ሠራተኛ 1,040 ሰዓት ሰጥቷል። ይህ በቀን 8 ሰዓት ሲሰላ 130 የሥራ ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለ ትርፍ እሴት ትንታኔ ደጋግሞ የሰማ ሠራተኛ የራሱን የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ አስልቶ ስሕተቱን ማሳየት ሳይማር የወጣ እንደሆነ፣ ንድፈ ሐሳቡ እውነት ቢሆን እንኳ ለእርሱ እውነት አልሆነለትም።

ብራዚላዊው የትምህርት ሊቅ ፓውሎ ፍሬሬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል አንጂኮስ በተባለች ከተማ 300 ያህል ሠርቶ አደሮችን በ40 ሰዓት ማንበብና መጻፍ አስተምሯል። 40 ሰዓት ማለት ዛሬ በየአዳራሹ የሚሰጠው የአምስት ቀን ሥልጠና መጠን ነው፤ ቀደም ሲል ያሰላነው የውይይት ክበብ ሰዓት ደግሞ የዚህ 26 እጥፍ ነው። የፍሬሬ ምሥጢር የተደበቀ አልነበረም። ፊደሉን ያስተማራቸው ከራሳቸው ሥራና ኑሮ በተወሰዱ ቃላት ነበር፤ መምህሩ ይጠይቃል፣ ተማሪው ከኑሮው ይመልሳል። ዕውቀትን እንደ ባንክ ተቀማጭ በተማሪው ጭንቅላት ማስቀመጥን አጥብቆ ተቃወመ። በሚቀጥለው ዓመት ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት አሰረው፤ ከዚያም ለስደት ተዳረገ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ባዶ ትምህርትን የሚፈራ ጨቋኝ የለም፤ የሚፈራው ሠሪ የሚያደርገውን ትምህርት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የመጡት ሥልጠናዎችም በዚሁ ሚዛን ሲመዘኑ ቅርጽና ይዘት መፋታታቸውን ያሳያሉ። ካይዘንን እንውሰድ። በ2004 ዓ.ም. በኢንስቲትዩት ደረጃ የተቋቋመው ይህ የጃፓናውያን አሠራር መሠረተ ሐሳቡ ለወዛደሩ ክብር የሚሰጥ ነው፤ በመኪናው ፊት የቆመው ሠራተኛ ብክነቱን ከማንም በላይ ያውቃል፣ መፍትሔውንም እርሱ ያመንጭ የሚል ነውና። ይህ በተግባር በዋለባቸው ፋብሪካዎች መሣሪያው በቦታው ተቀመጠ፣ መተላለፊያው ተጠረገ፣ ፍለጋ የሚያባክነው ጊዜ ቀነሰ። በሌላው ቦታ ግን ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ ቃላቱን በግድግዳ መለጠፍና በቃል መድገም ብቻ ሆነ። የሠራተኛውን ሐሳብ ለመቀበል የተሰቀለው ሣጥን የሚከፍተው አጣ። ሐሳቡን ማንም ካላነበበለት ሠራተኛው ካይዘንን ተማረ ማለት አይቻልም፤ አንድ የባዕድ ቃል ተጨመረለት ማለት ግን ይቻላል።

የትውልዱ ልጆችም ከዚህ አላመለጡም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚተላለፍ ነበር። ምስሉ ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪው አስቦ ሳይጨርስ መልሱን ራሱ ሰጥቶ ያልፋል። በአካል የቆመው መምህር መሣሪያውን ከፍቶ የሚዘጋ ዘበኛ ሆነ። አልገባኝም የሚል እጅ ቢነሣ ማያው አያይም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንሥቶ ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። የዚህ ውድቀት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ጦርነት አለበት፣ ድህነት አለበት። ነገር ግን ለ12 ዓመታት በየቀኑ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ያሉ ልጆች የዚህን ያህል በብዛት የወደቁ እንደሆነ፣ ለዓመታት ስንቆጥር የኖርነው መገኘታቸውን እንጂ መማራቸውን አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ጎጃም ማሳ እንመለስ። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ የአፈሩ አሲዳማነት የታወቀ ችግር ነው። አፈሩ ሲኮመጥጥ ማዳበሪያው ቢጨመርም ሰብሉ በሚገባ አይጠቀምበትም፤ ገብሱና ስንዴው ይቀጭጫል። መድኃኒቱ ኖራ መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል፤ የሚያስፈልገው ግን በሄክታር ብዙ ኩንታል ነው። በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ስለ ኖራ ጥቅም አንድ ቀን ሙሉ ሰምቶ የወጣ ገበሬ ኖራው ካልቀረበለት፣ ቀርቦም ከመንገድ ዳር እስከ ማሳው የሚያጓጉዝበት ካጣ ምን ይሆናል? በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ትምህርት ዳግመኛ ይጠራል። ያን ጊዜ ቢቀር «ለአዲስ አሠራር ፈቃደኛ ያልሆነ» ተብሎ ይመዘገባል። እርሱ ግን የቀረው ስላልገባው ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለገባው ነው።

ታዲያ ፍሬ የሌለው ሥልጠና ለምን አይሞትም? መልሱ በሰዎች ጠባይ ሳይሆን በአሠራሩ ቁሳዊ መሠረት ላይ ይገኛል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ለሥልጠና የተመደበው ገንዘብ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ሥልጠናው የውሎ አበል አለው። ሪፖርቱ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ሠለጠነ?» ብሎ እንጂ «ምን ተለወጠ?» ብሎ አይደለም። ስለዚህ ጠሪው ቁጥሩን ያገኛል፤ አሠልጣኙ አበሉን ያገኛል፤ የበላዩም ሪፖርቱን ያገኛል። ሠልጣኙ ብቻ ጊዜውን ያጣል። የቢሮክራሲው ስሌት ብዛት በራሱ ጊዜ ወደ ጥራት ይለወጣል የሚል ነው። ባዶ ማድጋ ግን አሥር ጊዜ ቢወቀጥ ዱቄት አይወጣውም።

«ሥልጠና ቢያንስ ግንዛቤ ያስጨብጣል፤ ጉዳት የለውም» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ይህ አስተሳሰብ መታረም አለበት። ባዶ ትምህርት ጉዳት አለው። የመጀመሪያው ጉዳት ከደሃው ላይ የሚወሰደው ቀን ነው፤ በእርሻ ወራት የባከነ አንድ ቀን ለገበሬው ዘር የመዝሪያ ቀን ነበር፤ ለቀን ሠራተኛዋ የልጆቿ ራት ነበር። ሁለተኛው የባሰ ነው። ሰው ደጋግሞ በባዶ ትምህርት ሲታለል እውነተኛው ትምህርት ሲመጣም አያምነውም። ክትባት የምታስተምረው የጤና ሠራተኛ፣ በሽታ የሚቋቋም ዘር ይዞ የሚመጣው የልማት ሠራተኛ፣ ለነዋሪው መብቱን የሚያስረዳው የሕግ ባለሙያ ሁሉም የሚቀበሉት ዕዳ ይህ ነው። በአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ሠራተኛ ሰነፍ ተብሎ ሲወቀስ ሰምተናል። በሥራ ቦታው ሲደክም የሚውለው ሰው በዚያ ወንበር ላይ ለምን እንዳንቀላፋ የሚጠየቀው ግን ትምህርቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች በየቀበሌው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሠራተኛ ማኅበሩ ውይይት ሊደረግባቸው ይገባል እንላለን።

አንደኛ፣ ሥልጠና የሚጠራ ማናቸውም አካል ሠልጣኙ በማግሥቱ ምን መሥራት እንደሚችል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ አስቀድሞ ያስታውቅ። ይህን መጻፍ ካልቻለ የሚያስተምረውን አያውቅምና ጥሪው ይቅር።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ከትምህርቱ ጋር ይምጣ። ኖራ ሳይኖር ስለ ኖራ፣ ኮምፒዩተር ሳይኖር ስለ ኮምፒዩተር፣ መጽሐፍ ሳይኖር ስለ ንባብ ልማድ ስብሰባ አይጠራ።

ሦስተኛ፣ የሚቆጠረው ፊርማ ሳይሆን ሥራ ይሁን። ከሦስት ወር በኋላ አሠልጣኙ ራሱ ወደ ማሳው፣ ወደ መኪናው፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ የተለወጠውን ይይ። ምንም ያልተለወጠ እንደሆነ የሚጠየቀው ሠልጣኙ ብቻ አይሁን።

አራተኛ፣ ርእሱን የሚመርጠው ተማሪው ይሁን። የእድር ዳኛው የሒሳብ አያያዝ ሊቸግረው ይችላል፤ ሠራተኛዋ የጡረታ መብቷ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ትሻ ይሆናል፤ ገበሬው ነቀዝን ከጎተራው ለማራቅ ይፈልግ ይሆናል። እነዚህ የሕዝቡ የራሱ ጥያቄዎች ናቸው። ከሕዝቡ ጥያቄ ያልተነሣ ትምህርት ወደ ሕዝቡ ኑሮ አይመለስም።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የበለጠ ክብደት አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ሳቢያ እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል። የሕፃናቱ ዓመት ሲባክን የአዋቂዎቹን ሳምንት በባዶ ሥልጠና ማባከን ድርብ በደል ነው። በየአዳራሹ ለአበልና ለመስተንግዶ የሚወጣው ገንዘብ የስንት ትምህርት ቤት ጣሪያ እንደሚከድን፣ ስንት መጽሐፍና ስንት የኖራ ጆንያ እንደሚገዛ እያንዳንዱ የበጀት ኃላፊ እርሳሱን አንሥቶ ያስላ።

ሳይማር ያስተማረው ሕዝብ ያልጠየቀውን ትምህርት ለስድሳ ዓመት በትዕግሥት ተቀምጦ ሰምቷል። አሁን ተራው የእርሱ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የስም መቆጣጠሪያው ወረቀት እጃችሁ ሲደርስ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እጃችሁን አንሡና «ነገ በዚህ ምን እንሠራበታለን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያለው አሠልጣኝ በጥያቄው ደስ ይለዋል፤ መልስ የሌለው ጥምጥሙን ፈትቶ እንደገና ይማር።